ስኳሩን ስንት ገዛሽው?

«ስኳሩን ስንት ገዛሽው?»

ጎረቤቷ ሳዳ የያዘችውን ሁለት ኪሎ ስኳር ሳታስቀምጥ ቆማ ቀረች። «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ብላ ገና አፏን ሳትዘጋ የመጣባት ጥያቄ ነው። ከፍ ካለው መደብ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት የአፎቻው መረዳጃ ማኅበር ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። ስንት ለቅሶ አብረው ተቀምጠዋል፤ ባሏን ትናንት የቀበረች ሴት የስኳር ዋጋ ስትጠይቅ ግን ከዛሬ በፊት ሰምተው አያውቁም።

«ምን አልሽኝ ሸምሲዬ?»

«ስኳሩን። ስንት ገዛሽው? ከየትስ ገዛሽው?»

«ተይ አቦ። ለቅሶ ይዤ የመጣሁትን ዋጋ ልነግርሽ ነው?»

«ንገሪኝ።»

ሳዳ ወደ ሴቶቹ ዘወር አለች፤ የሚያድናት አላገኘችም። «ኪሎው መቶ ሠላሳ» አለች፣ ነውር የምትናገር ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከጊደር መጋላ ነው።»

ሸምሲያ ራሷን ነቀነቀች። ከሳዳ በፊት የመጣችው ተጠይቃ መቶ አርባ ብላታለች፤ እሷ ከሰፈር ሱቅ ነው የገዛችው። ከዚያ በፊት የመጣችው ደግሞ ከኤረር በር በመቶ ሃያ አምስት። ያው አንድ ዓይነት ስኳር ነው፤ ሦስቱም ከፊቷ በየከረጢቱ ተቀምጧል።

ከጥግ አንዷ ለጎረቤቷ «ሐዘኑ ልቧን ነክቶታል» ስትል ሸምሲያ ሰማቻት። አልተቀየመቻትም። ልቧስ በእርግጥ ተነክቷል። ጥያቄው ግን ከልቧ ደህናው ቦታ የመጣ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ሙሐዲን አሥራ አራት ዓመት ባጃጅ ነድቷል። የተሳፈረውን ሁሉ «ከየት ነው? ምን ገዛችሁ? ስንት ገባ?» እያለ ሲጠይቅ የከተማው ዋጋ በሙሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ገባ። ጉልበቱ እምቢ ሲለው ባጃጁን ሸጠ። ከሽያጩ ያስቀረው አንድ ነገር የኋላውን ወንበር ነው። ነቅሎ አምጥቶ ግቢው ውስጥ ከበሩ አጠገብ አስቀመጠው፤ በግራው እሱ ይቀመጣል፣ በቀኙ የመጣ ሰው። ስፖንጁ የወጣ፣ ቆዳው የተሰነጣጠቀ ወንበር ነው። ሸምሲያ ሦስት ዓመት ሙሉ «ጣለው» ስትለው ኖራለች።

በዚያው ጊዜ የከተማው ሱቆች ደንበኛ ለመሳብ ኩፖን ማደል ጀመሩ። አንዱ በዘይት፣ አንዱ በሳሙና፣ አንዱ እስከ ቅዳሜ፣ አንዱ እስከ ወር መጨረሻ። የሸማቾች ማኅበሩም የራሱ ተራ አለው። ሰው ኩፖኑን ቦርሳው ውስጥ ይዞ ቀኑ ያልፍበታል፤ ወይም በኩፖን ቀነሰልኝ ብሎ የገዛውን ገበያው ላይ ያለ ኩፖን ረክሶ ያገኘዋል። ሙሐዲን ታዲያ የትኛው ኩፖን፣ በየትኛው ሱቅ፣ በየትኛው ቀን እንደሚያዋጣ አገጣጥሞ ጠዋት ጠዋት በቴሌግራም በድምፁ ይናገር ጀመር። በወር ስልሳ ብር። መቶ አሥራ ሁለት ቤት ይከፍለዋል።

«ስልሳ ብር ከፍሎ ሃያ ብር የሚያተርፍ ሞኝ ከየት ነው የምታመጣው?» ትለው ነበር ሸምሲያ።

«ሞኝ ከመጣ እመልሰዋለሁ።»

«እኔ ለሃያ ብር ብዬ ኤረር በር ድረስ አልሄድም። ጉልበት ዋጋ የለውም?»

«አንቺ ሳትከፍዪ የምትሳደቢ አባል ነሽ» ይላትና ይስቃል።

እሷም ትስቃለች። ድምፁን ግን አንድም ቀን ከፍታ ሰምታ አታውቅም። ሰውዬው እቤቷ ያለ፣ ሌት ተቀን የሚያወራ፤ ምን ብላ በስልክ ትሰማው?

ማክሰኞ ጠዋት የዕለቱን ዋጋ ተናግሮ፣ ሻዩን ጠጥቶ ሊነሳ ሲል ልቡ ቀጥ አለ። በዚያው ቀን፣ ከቀትር በኋላ ካለው የአስር ሶላት በፊት ቀበሩት።

ከቀብር መልስ ነስሮ መጣ። ነስሮ ፈረስ መጋላ ላይ ትልቅ ሱቅ ያለው፣ የሙሐዲን የሩቅ ዘመድ ነው። ሸምሲያ ባሏ የሞተባት ሴት ከቤት በማትወጣበት ዒዳ ላይ ስለሆነች ወንዶች የሚያናግሯት ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ነው። ነስሮም እንደዚያው ቁጭ ብሎ ዱዓውን አደረገ፣ አፅናናት፤ ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እናቴ፣ የአባ ሙሐዲን ልፋት መና እንዳይቀር ብዬ ነው። ስልኩን ከነቻናሉ ለእኔ ያስረክቡኝ። ሠላሳ ሺህ ብር እሰጥዎታለሁ። ሰዉም ከእንግዲህ ስልሳ ብር አይከፍልም፤ ዋጋውን በነፃ ከሱቄ እነግረዋለሁ።»

«አፈሩ ሳይደርቅ፣ ነስሮ?»

«አፉ ይበሉኝ። ሰው ዝም ብሎ ሲጠብቅ እንዳይበተን ብዬ ነው።»

«ሐሙስ ሦስተኛው ቀን ነው። ያን ጊዜ እነግርሃለሁ።»

እና እስከ ሐሙስ ማወቅ ነበረባት። ሙሐዲን ሦስት ዓመት የደከመለት ነገር ሠላሳ ሺህ ብር ተቀብለው የሚገላገሉት ነው ወይስ ሌላ? በዒዳው አራት ወር ከአሥር ቀን ከግቢው ወጥታ ገበያ ማየት አትችልም። ታዲያ ገበያው ራሱ በእጁ ስኳር ይዞ ሲገባ ለምን አትጠይቀው? ለዚህ ነው ሳዳ ላይ ያፈጠጠችው።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ መምህር ለገሠ መጣ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ብቻውን ተከራይቶ የሚኖር የሒሳብ አስተማሪ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

«ወይዘሮ ሸምሲያ፣ እኛ ነፍስ ይማር ነው የምንለው። እንዳልሳሳት ብዬ በሩ ላይ ብዙ ቆምኩ።»

«ልክ ነው መምህር። ይማር።»

«እሳቸው ገንዘቤን መልሰውልኝ ያውቃሉ። ነግረውዎታል?»

«የምን ገንዘብ?»

«ስልሳ ብር። አባል ልሁን ብዬ መጣሁ። ከዚያ ከባጃጅ ወንበራቸው ላይ አስቀመጡኝና በሳምንት ምን እንደምገዛ ጠየቁኝ። እንቁላል፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ አንድ ሳሙና። ትንሽ አሰቡና ‹መምህር፣ እርስዎ በወር ሠላሳ ብር ቢያተርፉ ነው። ስልሳ ብር አውጥቶ ሠላሳ ማትረፍ ምንድነው? ይያዙት› አሉኝ። እኔ እንግዲህ የሒሳብ መምህር ነኝ።»

ከመጋረጃው ወዲህ ሴቶቹ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሳቁ። ለቅሶ ቤት የሳቅ ድምፅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ሸምሲያ አልሳቀችም። «ሞኝ ከመጣ እመልሰዋለሁ» ያለው ለካ ቀልዱን አልነበረም።

«አንቺስ ሳዳ?» አለች። «ትከፍዪዋለሽ። ያዋጣሻል?»

ሳዳ ከፔርሙዙ የቡና ገለባ ሆጃ እየቀዳች ነበር። አሁን አላፈረችም። «እኛ ዘጠኝ ነን፣ ሁሉም በላተኛ ነው። በወር አራት መቶ፣ አምስት መቶ ይተርፈኛል። ግን እሱ ባለኝ ቀን ካልሄድኩ ምንም የለም። አንድ ወር ታምሜ ተኛሁና ስልሳው እንዲሁ ሄደ። አባ ሙሐዲን ሰምቶ ‹ስትነሺ ትከፍያለሽ› ብሎ የሚቀጥለውን አልተቀበለኝም።»

ሸምሲያ ልጇን ናፊያን ጠራቻት። «የአባትሽን ስልክ አምጪው። የመጨረሻውን አሰሚኝ።»

«ኡሚ፣ አሁን? ሰው ተቀምጦ?»

«አሁን።»

ናፊያ ስልኩን ከፈተችው። ትንሽ ሳል ተሰማ፤ ከዚያ ሙሐዲን ቤቱን ሞላው።

«አሰላሙ አለይኩም። ሙሐዲን ነኝ። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሽንኩርት ኤረር በር ከሚመጡት ገበሬዎች ይሻላል፤ ግን እስከ ሦስት ሰዓት ነው፣ ከዚያ ነጋዴው ይጠቀልለዋል። የሳሙና ኩፖን ያላችሁ እስከ ሐሙስ ጠብቁ። አንድ ሳሙና ብቻ የምትፈልጉ ግን ለዚህ ብላችሁ አትውጡ። እቤት ያለችው ሴትዮ እንደምትለው፣ ለጉልበታችሁም ዋጋ አውጡለት።»

ድምፁ ቆመ። ሸምሲያ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«ማን ናት እቤት ያለችው ሴትዮ?» አለች፤ እያወቀችው።

«አንቺ ነሻ ኡሚ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጨርሰው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ። ሰዉ እኮ ‹ሴትዮዋ ዛሬ ምን አለች?› እያለ ይጽፍለታል።»

ያን ጊዜ ነው ሸምሲያ ያለቀሰችው። በቀብሩ ቀን ያላለቀሰችውን ሁሉ ጨምራ አለቀሰች፤ ሳዳም ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አስተኝታ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። ስትጣላው የኖረችበትን ነገር ሰውዬው ሰብስቦ ለመቶ አሥራ ሁለት ቤት ሕግ አድርጎት ኖሯል። አንድ ቀን ሰምታው ቢሆን፣ አንድ ቀን ብቻ።

ፊቷን ታጥባ እንደተመለሰች አንዲት የታች ሰፈር ሴት ባለ አምስት ሊትር ዘይት ተሸክማ ገባች። የሸምሲያ ጥያቄ ቀድሞ ደርሷት ነበርና ሳትጠየቅ ተናገረች። «ከነስሮ ሱቅ ነው። አንድ ሺህ አምስት መቶ። በኩፖን ሃምሳ ብር ቀንሶልኝ።»

ሸምሲያ ዘይቱን ተቀብላ፣ ሳዳ ማክሰኞ ከቤቷ አንስታ ካመጣችው ዘይት ጎን አስቀመጠችው። አንድ ዓይነት ዕቃ፣ አንድ ዓይነት ክዳን።

«ሳዳ፣ የአንቺስ?»

«ያው ከነስሮ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ ኩፖኑ ሳይወጣ። አንድ ሺህ አራት መቶ ሰማንያ።»

ቤቱ ሁሉ ሁለቱን ዘይቶች ያይ ጀመር። ቅድም «ልቧን ነክቶታል» ያለችው ሴት እንኳ ከጥግ ተነስታ ቀረብ አለች። «እንዴ» አለች ቀስ ብላ፣ «ታዲያ ሃያ ብር ጨመረባት እንጂ የት ቀነሰላት?»

ሐሙስ ቁርዓኑ ተቀርቶ፣ የሦስተኛው ቀን ዱዓ ተደርጎ ሰው ሲበተን ነስሮ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ አሰቡበት?»

«አሰብኩበት። እስኪ መጀመሪያ ንገረኝ፤ ዘይትህ ዛሬ ስንት ነው?»

«አንድ ሺህ አምስት መቶ ሃምሳ። በኩፖን አንድ ሺህ አምስት መቶ።»

«ባለፈው ሳምንትስ፣ ኩፖኑን ሳታድል?»

ግቢው ውስጥ ሴቶቹ ዕቃ ሲያጥቡ የሳህን ድምፅ ይሰማል።

«ገበያ ነው እናቴ። ይወጣል ይወርዳል።»

«‹ዋጋው ወጣ› ብለህ ንገራቸዋ። ሰው ለሙሐዲን ስልሳ ብር ይከፍል የነበረው እሱ ይህን እንዲጠይቅህ ነው። አንተ በነፃ ስትነግረው ማን ይጠይቅሃል? ስልኩን አልሰጥህም።»

«በእልህ አይሁን። እርስዎ ከዚህ ግቢ አራት ወር ከአሥር ቀን አይወጡም። ዋጋውን ከየት ሊያመጡት ነው?»

«ይመጣል።»

«ማን ያመጣዋል?»

«እስካሁን ማን አመጣው? ሙሐዲንም ተቀምጦ ነው የሰበሰበው፤ ባጃጅ ላይ ሆኖ፣ በር ላይ ሆኖ። እኔም ተቀምጫለሁ። ሰው ገበያ ውሎ በደጄ ነው የሚያልፈው።» ድምጿ እንዳይከፋበት ትንሽ አለሳለሰችው። «ነስሮ፣ የእኛ ልጅ ነህ፤ ቀብሩ ላይ አፈር አልብሰኸዋል፣ አልረሳውም። ነገ ጠዋት የዘይትህን ዋጋ እናገራለሁ፤ የባለፈውንም የዛሬውንም። ዛሬ ማታውኑ ዋጋውን ወደ ቀድሞው ከመለስከው ደግሞ ‹መለሰ› ብዬ እናገራለሁ። ሁለቱም በእጅህ ነው።»

ነስሮ ተነሳ። «አላህ ያፅናዎት» ብሎ ወጣ። ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ከእግሩ ኮቴ መለየት አልተቻለም።

ናፊያ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ገባች። «ኡሚ፣ ሰዉ ‹የነገው አለ ወይ?› እያለ እየጻፈ ነው። ምን ልበላቸው?»

«አለ በያቸው። የዚህን ወር አስቀድመው ከፍለዋል። ካላማራቸው የሚቀጥለውን ይተዉት።» መልሳ ጠራቻት። «ስሜን አትንገሪያቸው። እቤት ያለችው ሴትዮ ናት በያቸው።»

ከዚያ ተነስታ ወደ ግቢው ወጣች። ለለቀስተኛ ቦታ ለመልቀቅ ሰዎች የባጃጁን ወንበር ገፍተው ከእንጨት ክምሩ ኋላ ጥለውታል፤ አመድና አቧራ ጠጥቷል። ከናፊያ ጋር ጫፍና ጫፉን ይዘው ወደ በሩ፣ ወደ ቦታው መለሱት። ናፊያ ጨርቅ ልታመጣ ስትሮጥ ሸምሲያ አልጠበቀቻትም። በሻሿ ጫፍ በስተቀኝ ያለውን፣ የመጣ ሰው የሚቀመጥበትን ጎን ቀስ ብላ ጠረገችው።

«ያኛውስ ኡሚ?» አለች ናፊያ ጨርቁን ይዛ።

በግራ በኩል ስፖንጁ ሰምጦ፣ የሙሐዲን መቀመጫ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሆኖ ነበር። ሸምሲያ በመዳፏ ዳሰሰችው፤ አቧራውን ሳታራግፍ እጇን አነሳች።

«እሱን ተዪው» አለች፤ ራሷም ከጎኑ፣ ከበሩ የድንጋይ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች።