ዓይኗን የሸፈነችው ፀሐይ

እህቴ ዝናሽ ዓይኗን በእጆቿ የሸፈነች ፀሐይ ስላ ስታሳየን፣ ሌላው ሁሉ ሲስቅ እኔ አልሳቅሁም። ጉንጫም ፀሐይ ናት። «ኩኩሉ!» ትላለች። ከሥሯ አንዲት ቅባት የተቀባች ልጅ ጥርሷን ብልጭ አድርጋ ተደብቃለች።

ዝናሽ ዱባይ የሰው ልጆች ስታሳድግ ኖራ ከመጣች ወዲህ ደብረ ታቦር ማተሚያ ቤት ነው የምትሠራው። ቆዳቸው ነጭ ሆኖ ለተወለዱ ልጆች የፀሐይ መከላከያ ቅባት የሚያድል ማኅበር፣ ዕቃው ላይ የሚለጠፈውን ሥዕል ሥሪልን ብሏት ነበር።

«ልጆቹ ቅባቱን ሲያዩ ይሸሻሉ አሉ። እኔ ደግሞ ጨዋታ አደረግሁላቸው» አለችኝ።

«ፀሐይ ጨዋታ መስላሻለች?» አልኳት። «ደግሞ ልጅቷን ኮፍያ የነሳሻት ለምንድን ነው?»

«ያ የሚያምር ፀጉሯ እንዲታይ ነዋ! አንቺ ደግሞ ነገር መፈለግ ትወጃለሽ።»

እኔ ነገር ፈልጌ አይደለም። ልጄ ማሬ እንደዚያው ናት፤ ቆዳዋ ነጭ፣ ፀጉሯ እንደ ገብስ አገዳ የነጣ። አጎታችን አያሌውም እንዲሁ ነበር። ሲያርስ ሲያጭድ ኖሮ አንገቱ ላይ የወጣው ቁስል በላው፤ በጎልማሳነቱ ቀበርነው። ስለዚህ ማሬን «ፀሐይ ትበላሻለች» እያልኩ አሳደግኋት። ብርሃን በበሩ ሲገባ እግሯን ትሰበስባለች። ዝናሽ ይሄን ስታይ ትናደዳለች፤ ልጅቷን አስደነበርሻት ትለኛለች። አዎ፣ አስደንብሬያታለሁ። ከአያሌው አጠገብ ከምቀብራት ትደንብር።

እውነቱን ለመናገር ግን ማሬ ሥዕሉን ስታይ ፊቷ በራ። ቅባት ሲባል የምትደበቀው ልጅ ክንዷን ራሷ ዘረጋችልኝ። ያን ጊዜ ልቤ ትንሽ ላላ።

በጥር ገብስ ሲወቃ ከዝናሽ ጋር ጋሳይ አጠገብ ካለው ከአባታችን ቤት ሄድን። ማሬን ቀባኋት፤ ሹራቧን አለበስኋት፤ ኮፍያዋን አጠለቅሁላት። «ከጎተራው ጥላ ንቅንቅ እንዳትዪ» ብዬ ለወቂዎቹ ምሳ ላቀርብ ገባሁ። ስወጣ የለችም።

«አባዬ፣ ማሬን አላዩዋትም?»

«ኧረ አላየኋትም ልጄ፤ እዚያው አልነበረች?»

ካቡ ሥር ኮፍያዋን አገኘሁት። ወረድ ብዬ ሹራቧን አገኘሁት። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። የማሬ ዓይን ድሮም ሩቅ አያይም፤ ብርሃን ሲበረታማ ጭራሽ ይጋረድባታል። ከማሳው ማዶ ደግሞ ገደል አለ።

«ማሬ! ማሬዋ!» ዝም። ልጄ ስጠራት ዝም ብላኝ አታውቅም። አፋፉ ላይ ደርሼ ወደ ታች ማየት አቃተኝ። አባዬ በሆዳቸው ተኝተው አዩልኝ። «የለችም» አሉ፤ እኔ ግን አላመንኳቸውም። እየጮህኩ ማሳውን እያቋረጥኩ ወዲያና ወዲህ ተመላለስኩ።

ዝናሽ ከአውድማው እየሮጠች መጣች። እጄ ላይ ያለውን ሹራብና ኮፍያ ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

«እታለም፣ ዝም በይ! አትጥሪያት!»

«አበድሽ?»

«ተደብቃ ነው። የተደበቀ ሰው ሲጠሩት አይመልስም።»

ልመታት እጄን አንስቼ ነበር። እሷ ግን ዓይኗን በእጆቿ ሸፍና «ኩኩሉ!» አለች።

ደግማ ጮኸች።

«ኩኩሉ!»

«አልነጋም!»

ድምፁ የመጣው ከታጨደው ማሳ መሀል ነው። በአጠገቧ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ! በቀጭን ካናቴራ፣ አገዳው ላይ በሆዷ ተኝታለች። ፀጉሯና አገዳው አንድ ሆኖ አልለይ ብሎኝ ነው።

«ቀስ በሉ፣ ፀሐይ ታገኘኛለች» አለችን።

ትከሻዋ ቀልቷል፤ ስነካት እንደ እሳት ፈጀኝ። በነጠላዬ ጠቀለልኳት።

«ማነው ሹራብሽን አውልቂ ያለሽ? ኮፍያሽንስ?»

«ተቀብቻለሁ እኮ፤ አታየኝም። ሥዕሉ ላይ ያለችውም ልጅ ኮፍያ የላትም።»

ዝናሽ አገዳው ላይ ቁጭ አለች። ስታለቅስ ልሰድባት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ስለ ማሬ ብቻ አልነበረም የምታለቅሰው።

«ቅባቱ ከነሥዕሉ አንበሳሜ ከተማ ታድሏል» አለች። «እብናትም ልከውታል። እታለም፣ እብናት ፀሐዩ...» ሳትጨርሰው ስልኳን አወጣች፤ ለማኅበሩ መደወል ጀመረች።

እኔ ማሬን ታቅፌ ወደ ቤት መሮጥ ጀመርኩ። ፈርቼ ነበር፤ ትከሻዋ ድኗል ከተባለ በኋላም ዛሬ ድረስ እፈራለሁ። ማሬ ከነጠላው ውስጥ ቀና ብላ አየችኝ።

«እማዬ፣ አገኘችኝ እንዴ?»

ትበላሻለች ብዬሽ አልነበረም ወይ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አገኘችሽ» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው ተራው የእኔ ነው» አለችና ዓይኗን በእጆቿ ሸፍና ፊቷን ደረቴ ውስጥ ቀበረች።

«ኩኩሉ!»

«አልነጋም» አልኳት።

«ኩኩሉ!»

«አልነጋም።»

ቤት ገብቼ በሩን እስክዘጋ ድረስ አልነጋም አልኳት።