ያላነበብኩለት መስመር

የምክር ወረቀቱን የጻፍኩት እኔው ነኝ። በ1975 ዓ.ም. አሰብ ሆስፒታል በነርስነት ተመድቤ የመጣሁ ሰሞን ከአዲስ አበባ የሚላክልን ወረቀት አንጀቴን ያሳርረው ነበር። «መድኃኒቱን ከቤትዎ ቀዝቃዛ ጥግ ያስቀምጡ» ይላል! አሰብ ውስጥ ቀዝቃዛ ጥግ ያለው የትኛው ቤት ነው? ግድግዳው ራሱ ይፋጃል። ስለዚህ ለስኳር በሽተኞች የሚሰጠውን ወረቀት እንደገና ጻፍኩት፤ በስቴንስል ተባዛ፣ ተመላላሽ ክፍሉ ግድግዳ ላይም ተለጠፈ። ዶክተር ንዋይ «ፀዳለ፣ ሥራ ማለት ይሄ ነው» ሲለኝ አንድ ሳምንት መሬት አልረገጥኩም።

ኢንሱሊን ስለማስቀመጥ የጻፍኩት ሁለት መስመር ብቻ ነበር። የመጀመሪያው «ማቀዝቀዣ ከሌለዎት ብልቃጡን በራሰ ጨርቅ ጠቅልለው የውኃ እንስራ ሥር ያኑሩ» ይላል። ሁለተኛው «በረዶ ውስጥ አይቅበሩ፤ አንዴ በረዶ ከሠራ መድኃኒትነቱ ይጠፋል» ይላል።

ሁመድ ከአሰብ ወጣ ብላ ያለችው የበይሉል መንደር ዓሣ አጥማጅ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጁ አሲያ ስኳር ተገኝቶባት ሦስት ሳምንት ተኝታ ስትወጣ፣ መርፌ አወጋጉን ያሳየሁት እኔ ነኝ። ብርቱካን ላይ ተለማመደ፤ እጁ ከእኔ እጅ ይልቅ የረጋ ነበር። ወደብ ላይ ሲሠራ አማርኛ ለምዷል፣ ማንበብ ግን አይችልም። ወረቀቱን ላነብለት ስጀምር የሠራተኞች ሰርቪስ ክላክሱን አንባረቀው። ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ ካመለጠኝ በዚያ ሙቀት በእግሬ መሄዴ ነው።

«ብቻ እንዲቀዘቅዝ አድርግ» አልኩት ወረቀቱን እያስጨበጥኩት። «በረዶ ታገኛለህ?»

«የዓሣው መኪና ያመጣል።»

«በቃ፣ በረዶ ካለህማ ምን አለብህ!» ብዬው ሮጥኩ።

በአሥረኛው ቀን አሲያን በዓሣው መኪና ይዟት መጣ። ትንፋሿ ረጅምና ከባድ ነው፤ ብትጠራ አትሰማም። ሁመድ የዓሣ ሳጥኑን ታቅፏል። ዶክተር ንዋይ ክዳኑን ከፈተ። ብልቃጡ በንጹህ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተፈጨ በረዶ መሃል ተቀብሯል። አንድም ቀን መርፌ አላስታጎለባትም፤ ልጁን ሲወጋት የሰነበተው ግን በሞተ መድኃኒት ነበር።

«ይሄን ሰውዬ የመከረው ማነው?» አለ ዶክተሩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። እዚያው ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ምላሴ ቀጠለ። «በረዶ ውስጥ እንዳይቀብረው ነግሬዋለሁ። ወረቀቱም ላይ አለ።»

ዶክተሩ ሁመድ ላይ ጮኸበት። «ተነግሮህ! ተጽፎ ተሰጥቶህ! ልጅህን ልትገድላት ነው?»

ሁመድ ወደ እኔ ዞረ። ሊያጋልጠኝ ነው አልኩ በልቤ። እሱ ግን ዕቃ እንደጠፋበት ሰው ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ፣ አሰበና አንገቱን ደፋ።

አሲያ በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ገልጣ ውኃ ጠየቀች። ሽንት ቤት ገብቼ በደስታ አለቀስኩ። ለዶክተሩ ልናገር ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ልጅቷ ድናለች፣ አሁን ቢነገር ለማን ይጠቅማል እያልኩ ራሴን ሸነገልኩት። አፈርኩበት፣ ግን ሸነገልኩት።

የምትወጣ ቀን ሁመድ ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ።

«አሲያ እዚሁ አሰብ አክስቷ ዘንድ ትቀመጣለች» አለኝ። «ማቀዝቀዣ አላቸው። ከእኔ ጋር አትመለስም።»

«ለምን? እጅህ እኮ ጎበዝ ነው፤ እንስራ ሥር ብታኖረው ይበቃል።»

«እጄ ምን ያደርጋል፣ ጭንቅላቴ ከዳኝ። ያልሽኝን ሁሉ ቀንም ሌሊትም አስባለሁ፤ ይሄ የበረዶው ነገር ትዝ አይለኝም። አንቺ ደግሞ ተናግረሻል። እንዲህ የሚረሳ ሰው የታመመ ልጅ ይዞ በይሉል አይገባም። ዶክተሩ ፊት ስላሳፈርኩሽ ይቅር በይኝ፣ ሲስተር።»

አፌን ከፈትኩ። ልናገር ነበር፤ እግዜር ያውቃል፣ ልናገር ነበር።

«አይዞህ ሁመድ» አልኩት፤ «ሰው ይረሳል።»

እጄን በሁለት እጁ ይዞ አመሰገነኝና ልጁን ሊሰናበት ወደ ክፍሉ ገባ።