ዘጠና አምስት ያልተገኘለት መኪና

ጃፈር ያንን ክረምት ቦንጋ ላይ ያሳለፈው የማይነሳ መኪና ሲጠብቅ ነው። ቢነሳማ በካፋ ምድር የሚቀድመው አልነበረም። ቀይ ነው፣ ዝቅ ያለ፣ ባለ ቱርቦ። አሠሪው ጋሽ ገሠሠ በአዲሱ አስፋልት ሊዝናኑበት ከዱባይ ያስመጡት ነው። አሁን ግን እትዬ አበዛሽ የተባሉ የቦንጋ ሴት ግቢ ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ሸራ ተከናንቦ ቆሟል። ጃፈር ደግሞ ከጥላው ጋር በተያያዘችው ጠባብ ክፍል ተጋድሞ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያዳምጣል።

ሌላ ሰው አስሮት ቢሆን በቀለለው። ያሰረው የገዛ አፉ ነው።

ሰኔ መግቢያ ላይ ጋሽ ገሠሠ ዋጫ አካባቢ ያለውን የቡና እርሻቸውን ጎብኝተው ይመለሱ ነበር። መሪውን የያዙት ራሳቸው ናቸው፤ ጃፈር ከጎናቸው ነበር። ሺሺንዳን አልፈው ዳገቱን ሲያያዙት ከኮፈኑ ሥር ድምፅ ተሰማ፤ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ከትተው እንደሚያንቀጫቅጩት ያለ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ።

ጃፈር ሹፌር ከመሆኑ በፊት ጅማ ጋራዥ ሠርቷል። ድምፁን ገና ከመጀመሪያው አውቆታል፤ ማወቁንም እንዲያውቁለት ፈለገ።

«ቤንዚኑ ነው ጋሼ። ቱርቦው አየሩን አጭቆ ነው የሚያስገባው። ተራው ቤንዚን ያን ሁሉ ግፊት አይችልም፤ ካንዴላው እሳት ሳይሰጠው በፊት በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ኦክቴን የሚባለው ይሄው የመቻል አቅሙ ነው። የነዳጅ ሰልባትዮው ክዳን ላይ ዘጠና አምስት ይላል። እኛ የምንሞላው ከዚያ በታች ነው።»

«እየሞላን ብንነዳውስ?»

«አንድ ቀን ፒስተኑ ይበሳል።»

በዝግታ ከተነዳ፣ ቱርቦው እንዳይነሳ እግር ከቀለለ ብዙም እንደማይጎዳ ያውቅ ነበር። ግን ያንን አልጨመረም። «ፒስተኑ ይበሳል» ብሎ ዝም ማለቱ ይበልጥ የአዋቂ ንግግር ሆኖ ታየው።

ጋሽ ገሠሠ ቦንጋ ሲደርሱ የእትዬ አበዛሽን ጥላ ተከራዩ፤ በማግስቱ የእርሻቸው ፒክአፕ መጥቶ ሊወስዳቸው ሲል ቁልፉን ጃፈር መዳፍ ላይ አስቀመጡ።

«ዘጠና አምስቱ በአገሩ የለም፤ በሰው ከጅቡቲ አስመጣለሁ። እስከዚያ ይሄ መኪና ከዚህ አይነሳም። አንተም ከአጠገቡ አትነሳም።»

ሰኔ አለቀ፤ ሐምሌ ገባ። ጃፈር ሲደውል መልሱ አንድ ነው፤ «መንገድ ላይ ነው፣ ጠብቅ።» ጠዋት ሸራውን ገልጦ ውሃውን ያራግፋል፣ ጎማውን ይነካካል፣ መልሶ ያለብሰዋል። ገበያ ሲወጣ እንኳ የሆነ ሰው ሸራውን የሚገልጥበት እየመሰለው ሳይገዛ ይመለሳል። የጅማ አውቶብስ ጥሩንባ ከመናኸሪያው ሲሰማ በሩ ላይ ወጥቶ እስኪርቅ ያዳምጣል። ሚስቱ ካውሰር ጅማ ናት፤ ፀንሳለች፤ ወሯም እየገባ ነው።

ጥሎ መሄድ አቅቶት አይደለም። ካውሰር የምትኖረው የጋሽ ገሠሠ ጅማ ግቢ ውስጥ ባለች ሰርቪስ ክፍል ነው። እሱ ሥራውን ከለቀቀ እሷ ክፍሉን ትለቃለች። አንድ ጊዜ ደፍሮ ለምኖ ነበር።

«ጋሼ፣ ባለቤቴ ልትወልድ ነው። ለጥቂት ቀን ብቻ በአውቶብስ ደርሼ ልምጣ።»

«መኪናዬን ለማን ትተህ?»

«እትዬ አበዛሽ አሉ።»

«ከሄድክ እዚያው ቅር። ቤቱንም ለሌላ ሹፌር እሰጠዋለሁ።»

እትዬ አበዛሽ ይህን ሰሙ። የልጆች እናት ናቸው፤ ከልጆቻቸው ጋር በካፋው ቋንቋ በካፊኖኖ፣ ከጃፈር ጋር በአማርኛ ያወራሉ። ረመዳን ስለሆነ ማታ ማታ ማፍጠሪያ ይሉና ትኩስ ሾርባ ያመጡለታል።

«እኔ የማይገባኝ» አሉት ያን ዕለት ሳህኑን እያቀበሉት፣ «ይሄን መኪና ማን ይሰርቀዋል? አይሄድም አላልክም?»

ጃፈር ሾርባውን ተቀብሎ ወደ ጥላው ተመለሰ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ከቀትር በኋላ ስልኩ ጮኸ። የካውሰር እህት ራሕመት ናት።

«ጃፈር፣ ሆስፒታል ነን። ልጁ ሆዷ ውስጥ አግድም ተኝቷል። ኦፕራሲዮን ሳያስፈልጋት አይቀርም ብለዋል። የት ነው ያለኸው?»

«መጣሁ» አለ። ከአፉ ካወጣው በኋላ ነው በምን እንደሚመጣ ያሰበው። የጅማ አውቶብስ ጠዋት ወጥቷል። መናኸሪያ ሮጠ፤ ዝናቡ ሰዉን በትኖት አንድም ሚኒባስ አልቆመም። ተመልሶ መጥቶ ሸራውን ከላይ እስከ ታች ገፈፈው።

ሰልባትዮው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ማደያው ቤንዚን ካለቀበት ሰንብቷል፤ መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጡት ብቻ አሉ። ከመጀመሪያው ሻጭ ጀሪካን ጥቂት መዳፉ ላይ አፍስሶ አሸው፤ ቶሎ አልተነነም፤ እጁ ላይ ቅባት ትቶ ቀረ። አሸተተው።

«ላምባ አለበት።»

«ሁሉም ይሄንኑ ነው የሚሞላው» አለ ሻጩ።

ተራው ቤንዚን ለዚያ ሞተር ይጎድለዋል፤ ላምባ የተቀላቀለበት ግን ጎጀብን ሳያሻግር ያቃጥለዋል። ጃፈር ወደ ማደያው ሄዶ ቀጂውን ሣህሌን በሩ ላይ አገኘውና ሁሉንም ነገረው። ሣህሌ ጥቂት አመነታ። ከዚያ ከጓዳ ለራሱ ሞተር ሳይክል ያስቀመጠውን ጀሪካን ይዞ ወጣ።

«ንጹሕ ነው። ግን ያው ተራው ነው። ለዚህ መኪና ይሆነዋል?»

«አይሆነውም» አለ ጃፈር። «ሙላልኝ።»

ከቦንጋ ሲወጣ የነዳጅ ፔዳሉን በእግሩ ጣቶች ብቻ ነክቶ ያዘው። ትንሽ ጠንከር ቢል ቱርቦው ይነሳል፤ ቱርቦው ከተነሳ ጠጠሩ ይጀምራል። መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ ሬዲዮውን አጥፍቶ ጆሮውን ኮፈኑ ላይ ተከለ። ቡና የጫነ አይሱዙ ጥሩንባውን እያንባረቀ አለፈው። ቀጥሎ ሰው የጠቀጠቀ ሚኒባስ፤ ተሳፋሪዎቹ ዞረው ቀዩን መኪና እያዩ ሳቁ። እግሩ «ርገጠኝ፣ ርገጠኝ» ይለዋል። ካውሰር ምን ላይ እንዳለች አያውቅም። ያን ሁሉ ጉልበት ከፊቱ ይዞ በአህያ ፍጥነት ይሄዳል።

ወደ ጎጀብ ቁልቁለቱን በማርሽ ይዞት ወረደ። ድልድዩን ተሻግሮ አቀበቱን ሲጀምር ግን ድምፁ መጣ። ጠጠሩ። እግሩን አነሳ፤ መኪናው ሊቆም ደረሰ። ማርሽ ቀነሰ፣ ጠበቀ፣ ዳግመኛ ነካ አደረገው። ድምፁ ጠፋ። ኩርባ ላይ ተመልሶ መጣ። እንዲህ እያለ፣ እያነሳና እየነካ፣ ላቡ ሸሚዙን አርሶት ዳገቱን ጨረሰ። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳየ አያስታውስም።

ጅማ ሲደርስ ሊመሽ ነበር። ራሕመት የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆማለች።

«እኔ ፈርሜ ኦፕራሲዮን ገባች» አለችው። «አንተን መጠበቅ አልተቻለም። ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ካውሰር ገና ከእንቅልፏ አልነቃችም።»

ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ስልኩ ሲጮህ እዚያው እንደተቀመጠ ነው ያነሳው።

«የግቢዬ ዘበኛ መኪናውን ጅማ አየሁት አለኝ» አሉ ጋሽ ገሠሠ። «ዘጠና አምስት ከየት አገኘህ?»

«በተራው ነው የመጣሁት ጋሼ።»

«ሞተሩስ?»

«ደህና ነው። በዝግታ ከነዱት ይሄዳል።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

ጃፈር ሊያወራ የሚችለው ብዙ ነበር፤ ስለ ጅቡቲው ቤንዚን፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልመናው።

«መንገር ነበረብኝ» አለ። «ቁልፉን ለዘበኛው እሰጠዋለሁ።»

«ቤቱንም አብረህ ስጠው» አሉና ዘጉት።

ካውሰር ስትነቃ ሌሊቱ ተጋምሷል። ልጅቷን ጎኗ አስተኝተውላታል፤ ከንፈሯ ደርቋል። ክፍሉን እንዳጡ ሊደብቃት አልፈለገም፤ ነገራት። ይቅርታ ሊጠይቃት ሲጀምር አቋረጠችው።

«ዕቃው ብዙ አይደለም» አለች። «አልጋውን ብቻ ሲያወርዱ እንዳይሰብሩት። ራሕመት ቤት ጓዳው ይበቃናል።»

በማግስቱ ጃፈርና የራሕመት ባል ጋሪ ተከራይተው አልጋውን፣ ሣጥኑንና ሁለት ምንጣፍ ጫኑ። ዝናቡ አላባራም ነበር። ጃፈር ፍራሹን በላስቲክ ጠቀለለና ጋሪውን ከኋላ እየገፋ ወደ ራሕመት ቤት ሄደ።