የግራ መስመር ተጫዋች

አዲሱ ጆይስቲክ ከሱቁ መስታወት ጀርባ፣ ጥቁር ከፋይ በለበሰች ትንሽ ትራስ ላይ እንደ ሙሽራ ቀለበት ተቀምጧል። ዋጋው የተጻፈባት ካርድ በግንባሯ ተደፍታለች። መነጽር ሠሪዋ ይህ ዘዴ አይጠፋትም፤ እሷ በምትሠራበት ቤትም ውድ ውድ ፍሬሞች ዋጋቸው ተደፍቶ ነው የሚቀመጡት። ሰው መጀመሪያ ይውደድ፣ ከዚያ ይደንግጥ ነው ነገሩ።

«ላውጣልሽ እህቴ? ማየት አያስከፍልም» አለ ባለሱቁ።

«መጀመሪያ ይሄን እይልኝ።»

ከቦርሳዋ በመሐረብ የተጠቀለለ አሮጌ ጆይስቲክ አወጣች። ባለሱቁ ሆዱ ገፋ ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው ነው። የመነጽሩ አንድ እጀታ እንደተጣመመ ገና ስትገባ አይታለች፤ እስካሁን ዝም ያለችው ራሷን ይዛ ነው። ጆይስቲኩን ተቀብሎ ባንኮኒው ላይ ካለው ማጫወቻ ጋር አገናኘው። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ሜዳ ተዘረጋ፤ ነጭ የለበሰ ተጫዋች መሃል ላይ ቆመ። ባለሱቁ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ አነሣ። ማንም ምንም አልነካም። ተጫዋቹ ግን ትንሽ ቆይቶ፣ ሱቅ እንደተላከ ሰው ዝግ ብሎ ወደ ግራ መራመድ ጀመረ።

«ይሄን ደግሞ ማን ጠራው?» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም።

አሮጌው ጆይስቲክ የወንድሟ ነው። ሊፍት ጠጋኝ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ በሰው ሕንፃ ሲወጣ ሲወርድ ይከርምና ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መጥቶ አባታቸው ሶፋ ላይ ይለጠፋል። «ሙጫ» ብላ ስም ያወጣችለት እሷ ናት፤ አንዴ ከተቀመጠ ቤቱ ቢቃጠል አይነሣም ነበር። አባትና ልጅ በአንድ ቡድን ሆነው ከማሽኑ ጋር ኳስ ይጫወታሉ። እያንዳንዳቸው አንድ ተጫዋች ይይዛሉ፤ በአባትዬው ተጫዋች ራስ ላይ ቀይ ምልክት፣ በሙጫ ተጫዋች ራስ ላይ ሰማያዊ። ሙጫ ኳስ ባገኘ ቁጥር በግራ መስመር ይነጉዳል። አባትዬው ይጮኻሉ፦ «አንተ ልጅ፣ በቀኝም ሜዳ አለ!» እሱም ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል «ቀኙን ለእርስዎ ትቼዋለሁ አባባ» ይላል። እሷ ከኋላቸው የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች «ሁለት ሕፃን አሳድጋለሁ እኮ» ትላለች። በየሳምንቱ ያው ቃል፣ ያው ጩኸት። ሰለቸኝ ያለ አልነበረም።

ሙጫ ከሞተ ዘጠኝ ወር ሆነው። በሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣ በስምንት ቀን ሕመም።

አባትዬው ቅዳሜን አልተዉም። ሰዓቱ ሲደርስ ሁለቱንም ጆይስቲክ ያገናኛሉ፤ የልጃቸውን እሱ ይቀመጥበት በነበረው በኩል ያስቀምጣሉ፤ የራሳቸውን ይዘው ይጫወታሉ። ሰማያዊ ምልክት ያለው ተጫዋች ብቻውን ወደ ግራ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ መስመሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ባለፈው ቅዳሜ፣ ወደ እሷ ሳይዞሩ «ዛሬም ወደ ግራ ሄደ» አሉ።

እሷ ይህን እንደ አቤቱታ ሰማችው። በሥራዋ እንዲህ ያለ ቃል አቤቱታ ነው። ሰው መነጽሩን ይዞ ይመጣና «ደረጃ ስወርድ መሬቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብልብኛል» ይላል፤ እሷ ትለካለች፣ የመነጽሩ መስተዋት መሃል የፀጉር ውፍረት ያህል ሸሽቶ ታገኘዋለች፣ ታስተካክላለች። ሃያ ዓመት ሙሉ የሸሸ ነገር ስትመልስ ኖራለች። ስለዚህ ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት፣ አባቷ ጢማቸውን ሲላጩ ጆይስቲኩን ከሶፋው አንሥታ ጠቀለለችው። አልጠየቀችም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድንገት ደስ ላሰኛቸው ብላ ነው።

«ባለቤቱ ግራ ነው የሚወደው» አለ ባለሱቁ፣ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ የአውራ ጣት ጉብታውን እያየ። «እይው፣ ጎማው በአንድ በኩል ተልጦ ጎድጉዷል። ሰው ዓመት ሙሉ ወደ አንድ ወገን ሲገፋው ይለምዳል። ከዚያ ባትነኪውም ይሄዳል።»

አውራ ጣቷን ጉድጓዱ ላይ አደረገች። ጉድጓዱ ከጣቷ ይሰፋል።

ባለሱቁ መስታወቱን ከፍቶ አዲሱን ከነትራሱ አወጣ። በእጇ ስትይዘው ከበድ አለ፤ የሚያደክም ክብደት አይደለም፣ እምነት የሚጣልበት ነገር ክብደት ነው። ጎኑ ሻካራ ጎማ ለብሷል። ቁልፎቹ ሲነኳቸው እሺ የሚሉ ናቸው። ወዲያው የአባቷ ጣቶች ትዝ አሏት፤ በማተሚያ ቤት ሠላሳ ዓመት የእርሳስ ፊደል ሲለቅሙ የኖሩ፣ አሁን ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ የሚሉ ጣቶች። አሮጌዎቹን ቁልፎች ለመጫን ከንፈራቸውን ሲነክሱ ታያለች።

«ጉብታው ብረት ነው» አለ ባለሱቁ በኩራት። «ይሄ ምንም አይለምድም። አሥር ዓመት ብትጫወቺበት የማንም ጣት አይቀርበትም።»

ሞከረችው። ተጫዋቹ ባዘዘችው በኩል ሮጠ፤ ስትለቀው ቀጥ አለ። ፎቶ ላይ እንዳለ ሰው፣ በተዉት ቦታ ቆሞ ቀረ። ጥሩ ዕቃ ነው፤ መዋሸት አይቻልም። ካርዷን ራሷ ገለበጠቻት። የደመወዟ ግማሽ። ይገባዋል አይገባውም እያለች ከራሷ ጋር ተሟገተች፤ ለአባቷ ጣቶች ይገባዋል፣ ለአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበዛል፤ ግን ስንት ቅዳሜ ቀርቷቸው ነው?

«አሮጌውን ከተውሽልኝ እቀንስልሻለሁ፤ ለመለዋወጫ ይሆነኛል። አይ ካልሽም ከፍቼ በአልኮል ልጥረገው። ለጊዜው ቀጥ ይላል።»

መለዋወጫ የሚለው ቃል አንድ ቦታ ነካት። «ጥረገው» አለች ቶሎ ብላ።

ካቻቪቴውን አነሣ። አራት ብሎኖች አንድ በአንድ ወጥተው ባንኮኒው ላይ ተደረደሩ። ክዳኑ ሲነሣ፣ በመጋጠሚያው ዙሪያ የደረቀ ጥቁር ቅባት ታየ። የሊፍት ቅባት ነው። ከጥፍሩ ሥር የማይጠፋው፣ «ኧረ ሳሙና የሚባል ነገር አለ!» እያለች የምትጮህበት፣ እሱም እጁን ወደ ፊቷ እያስጠጋ የሚያስሮጣት ቅባት። ባለሱቁ እፍ አለበት። ብናኙ ቦነነ። ከዚያ ጥጥ አልኮል ውስጥ ነከረ።

ስልኳ ጮኸ።

«ልጄ» አሉ አባቷ።

«አቤት አባባ።»

«የወንድምሽ ጆይስቲክ የለም። ሶፋውን አገላብጬ አየሁ። ሥሩም ገባሁ።» ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። በእነዚያ ጉልበቶች መንበርከካቸው ነው።

«እኔ ጋ ነው አባባ። ላሠራው ይዤው ወጥቼ ነው።»

«ምን ሆኖ?»

«ወደ ግራ ይሄዳል።»

በስልኩ ውስጥ የሳሎኑ ግድግዳ ሰዓት ይሰማታል።

«ይሄዳል እንጂ» አሉ በመጨረሻ። «እሱ መቼ በቀኝ ሄዶ ያውቃል?»

ጥጡ ጉብታው ሥር ሊገባ አንድ ጣት ቀርቶታል።

«ተወው!» አለች።

ባለሱቁ ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። «ምነው እህቴ? ጥፋት ሠራሁ?»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እንዳለ ግጠመው። እባክህ እንዳትጠርገው።» ወደ ስልኩ ተመለሰች፤ «አባባ፣ ይዤው እየመጣሁ ነው።»

«ዘጠኝ ሰዓት ነው ጨዋታው» ብለው ዘጉት።

ባለሱቁ አራቱን ብሎኖች መለሰ። ከዚያ አዲሱን እያየ «ተወደደብሽ?» አላት።

«አልተወደደም። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ግዛው እለዋለሁ። እኛ ቤት ግን ሥራ የለውም። የከፈትክበት ስንት ነው?»

«ያልሠራሁትን ምን አስከፍላለሁ?»

ያኔ አላስቻላትም። መነጽሩን ከፊቱ ላይ አወለቀችና የተጣመመውን እጀታ በሁለት ጣቷ ገፋ አድርጋ መልሳ አጠለቀችለት። ባለሱቁ ዙሪያውን አየ፤ ሱቁን አዲስ እንደተከራየው ሰው።

«የዚህስ ስንት ነው?» አላት።

«ተቻችለናል።»

አውቶቡስ ውስጥ ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች። ጥጡ አልነካውም፤ ይህን በዓይኗ አይታለች። ግን እፍ ብሎበታል። ተከፍቷል፣ ተዘግቷል። በሥራዋ ታውቀዋለች፤ አንዳንዱ መስተዋት ከፍሬሙ አውጥተው መልሰው ሲከቱት ብቻ ይስተካከላል፤ ማንም ሳያስተካክለው። ሌላ ቀን ደስ የሚላት እንዲህ ያለው ነው። ዛሬ ግን በየፌርማታው መሐረቡን እየገለጠች አየች፤ የሚታይ ነገር ያለ ይመስል።

አባቷ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው በራሳቸው በኩል ተቀምጠው ነበር። የሱሪያቸው ጉልበት ላይ አቧራ አለ። አልተቆጧትም። ጆይስቲኩን ተቀብለው ገለበጡት፣ ብሎኖቹን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ተከፍቷል» አሉ።

«ተከፍቷል አባባ።»

አገናኙት። በቦታው አስቀመጡት። ሜዳው ተዘረጋ፤ ቀዩ ወጣ፣ ሰማያዊው ወጣ። አባቷ የራሳቸውን አልነኩም። ሰማያዊው ቆሟል። የግድግዳው ሰዓት ይቆጥራል። ሰማያዊው እንደቆመ ነው። እጆቹን ወደ ታች ጥሎ ቀጥ ብሎ፣ እንደ አዲሱ፣ በሱቁ እንዳየችው።

«አባባ፣ እኔ እኮ...»

እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟት።

ከዚያ ሰማያዊው አንድ እግሩን አነሣ። ያመነታ መሰለ። ዝግ ብሎ፣ ማንም ሳይጠራው፣ ወደ ግራ ሄደ።

አባቷ የያዙትን ትንፋሽ ለቀቁ። «ጎሽ» አሉ ቀስ ብለው። መጫወት ጀመሩ። ግማሽ ጨዋታ ያህል ቆይተው፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ «ቆመሽ አትጠብቂኝ፣ ተቀመጪ» አሏት።

«የት?»

«እዚያ ነዋ።»

ሶፋው ላይ የቀረው ቦታ አንድ ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ የተቀመጠበት የለም። ጆይስቲኩን አንሥታ ተቀመጠች፤ ትራሱ ወደ ውስጥ ሰመጠ።

«ብዙ አትግፊው» አሉ አባቷ። «ያዢው ብቻ። መንገዱን ያውቃል።»

አውራ ጣቷን ጉድጓዱ ውስጥ አኖረች። ስክሪኑ ላይ ቀዩ ቀና ብሎ አየና ኳሱን አሻገረላት። ኳሱ እግሯ ሥር ሲደርስ ደነገጠች፤ ጨዋታ አታውቅም፤ ጣቷ ራሱ ተጫነ። ሰማያዊው በመስመሩ ጥግ መሮጥ ጀመረ፤ ባላጋራዎቹ ከኋላው፣ መሃሉ ሁሉ ባዶ፣ ቀኙ ሁሉ ባዶ። አባቷ ከሶፋው ወደ ፊት ተስፈነጠሩ።

«አንቺ ልጅ፣ በቀኝም ሜዳ አለ!»

ድምፃቸው ቤቱን ሞላው። ዘጠኝ ወር እዚህ ክፍል ውስጥ ያልተሰማ ድምፅ ነው። እሳቸውም የሰሙት ይመስላል፤ ጣቶቻቸው ቁልፎቹ ላይ ቆሙ፣ አንገታቸው ወደ እሷ ሊዞር ጀምሮ ቀረ።

የሙጫን መልስ ታውቀዋለች። ሰማያዊው ወደ መስመሩ እየተጠጋ ነው፤ ኳሱ ሊወጣ ሁለት እርምጃ ቢቀረው ነው። ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል አፏን ከፈተች።