ሦስተኛዋ ላይ ተወኝ

የአጎቴን ልጅ «ፕሮፌሰር» ያልኩት ገና ልጅ ሳለ ነው። አባቱ ሞቶ እናቴ ወደ ቤታችን ባመጣችው ሰሞን የተበላሸውን ራዲዮናችንን አየና «ባትሪው ነው» አለ። ባትሪው አልነበረም። እሱ ግን እስከ ዛሬ ባትሪው ነው እንዳለ ነው! እናቴ ደግሞ ይህን ድርቅናውን እንደ እውቀት ቆጠረችለት። የሟች ወንድሟ አደራ ስለሆነ ለእሱ ምርቃት፣ ለእኔ ቁጣ ሆኖ አደግን። ደግነቱ ልጁ ክፉ አልነበረም፤ እኔም ብጮህበት እንኳ እወደዋለሁ።

እናቴ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት። አንድ ቀን ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ጮኸች። ሮጬ ስደርስ ቧንቧው እንደተከፈተ ነው፤ እጇን ቀኝ ጉንጯ አጠገብ አድርጋ፣ ግን ሳትነካው፣ ደርቃ ቆማለች። «ኤሌክትሪክ የያዘኝ መሰለኝ» አለች። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ይመላለስባት ጀመር። ዳቦ ስታኝክ፣ ጥርሷን ስትቦርሽ፣ ለተማሪዎቿ ስታነብ፣ የአውቶቡስ መስኮት ተከፍቶ ነፋስ ሲመታት ድንገት ይመጣል። የሚቆየው ለቅጽበት ነው፤ ግን ያቺ ቅጽበት እንባዋን ዱብ ዱብ ታደርገዋለች።

ፕሮፌሰር ያኔ የጥርስ ሕክምና ትምህርቱን ሊጨርስ የመጨረሻው ዓመት ላይ ነበር፤ የሚያድረውም እዚያው ትምህርት ቤቱ ግቢ ነው። እዚያ ትምህርት ቤት ታካሚውን ፈልጎ የሚያመጣው ተማሪው ራሱ ነው። የሚነቀል ጥርስ ያስፈልገዋል፣ የሚሞላ ጥርስ ያስፈልገዋል፤ ካላገኘ አይመረቅም። ስለዚህ የዘመድ አፍ ሁሉ ተከፍቶ ይውላል። እኔም ሁለት ጥርሴን አስሞልቻለሁ። ጎረቤቶቻችንማ እሱን ሲያዩ በአንገታቸው ብቻ ሰላም ማለት ጀምረው ነበር።

በዚያው ሰሞን አስተማሪዎቻቸው ተማሪዎቹን በመጠይቅ ወረቀት «የአፍና የፊት ሕመም ለማከም ምን ያህል በራሳችሁ ትተማመናላችሁ?» ብለው ጠየቋቸው። ምሳ ላይ ነገረን።

«‹እጅግ በጣም› የሚለውን ነው ያከበብኩት» አለ።

«ለመሆኑ ስንት ጊዜ ተማራችሁት?» አልኩት።

«አንድ ከሰዓት በኋላ። ብዙ ነገር የለውማ! ፊቱን ያመመው ሰው፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ጥርሱን ነው።»

እናቴ ዳቦዋን በግራ በኩል እያኘከች በኩራት አየችው።

በትምህርት ቤቱ ክሊኒክ የመጀመሪያዋን ጥርስ ነቀላት። በጥርስ ማያ መስተዋቱ እጀታ ጥርሶቿን አንድ በአንድ መታ መታ አደረገና «ይቺ ናት» አለ። አስተማሪው ከወንበር ወንበር እየዞረ፣ ቆም ሳይል አጎንብሶ አየና «ድሮ ተሞልታለች አይደል? ንቀላት» ብሎ አለፈ። ሕመሙ ግን ሳይውል ሳያድር ተመለሰ። «እንግዲያው ጎረቤቷ ናት» አለና ሁለተኛዋን ነቀላት። ደም የነካውን ጥጥ ገለጥ አድርጎ «አየሽ አክስቴ፣ ውስጧ በስብሷል» አላት። እናቴ ምን ታያለች? ዓይኗ እንባ ሞልቶታል። ደግሞ ሦስተኛዋን።

ከሦስተኛዋ በኋላ እቤት መጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ምግብ አቀረብኩለት፣ አልነካውም። ያ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ ልጅ ኩምሽሽ ብሎ ነበር።

«እንዴት ነሽ አክስቴ? እውነቱን ንገሪኝ። ካልተሻለሽ ይሄ ሙያ የእኔ አይደለም፤ እተወዋለሁ።»

እናቴ አየችው። ከዚያ ፊቷ በራ። «ተወኝ እኮ! ሦስተኛዋ ላይ ተወኝ። እጅህ ይባረክ የኔ ልጅ!»

ከመቀመጫው ዘሎ ጉልበቷን ሳመ። ምግቡንም ጥርግ አድርጎ በላው። በሩን ዘግቶ ሲወጣ እናቴ ወደ መታጠቢያው ሄዳ ፎጣ ነከሰች።

«እማዬ! ምን ማድረግሽ ነው?»

«ዝም በይ። ልጁ ፈተና አለበት።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

«ተረቱን ለራስሽ። ትነግሪውና ልጄ አይደለሽም!»

እኔም አልነገርኩትም። ከዚያ ወዲያ ለወራት ዳቦዋን በሻይ እያራሰች፣ ፊቷን በሻሽ ጠቅልላ ከረመች። በትምህርት ቤቷ የንባቡን ክፍለ ጊዜ ሌላ አስተማሪ ለምና ሰጠች። እሱ «እንዴት ነሽ?» ሲላት «እንደ አዲስ!» ትለዋለች። ፈተናውንም አለፈ፤ የቀረው የክሊኒኩ ሥራ ብቻ ነበር። ሲሄድ መሬቱ አይበቃውም። እኔ ግን ያኔም ያናደደኝ እሱ አልነበረም፤ እሷ ናት። ፍቅር ሲበዛ እንዲህ ያለ ቂልነት ይሆናል ብዬ አላስብም ነበር።

አንድ ጠዋት ደወለ። ስልኩ ድምፁን ያወጣዋል፣ ሁሉንም ሰማሁት።

«አክስቴ፣ ክሊኒክ ብቅ በይልኝ። አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፤ ሕመሟ ቁርጥ ያንቺው። አንዷን ነቅዬላት አልተሻላትምና ሁለተኛዋን ፈርታለች። ሦስተኛዋ ላይ እንደተወሽ ንገሪያት። ካንቺ አፍ ከሰማች ታምናለች።»

እናቴ ስልኩን ዘጋችና ካፖርቷን ለበሰች። እኔም ሳልጠየቅ ጫማዬን አደረግሁ። በልቤ ምያለሁ፦ ከዋሸች እኔ እናገራለሁ፤ ልጄ አይደለሽም ትበል፣ ያበጠው ይፈንዳ። 

ክሊኒኩ ረጅም አዳራሽ ነው። ወንበሮቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፣ መሰርሰሪያው ከየአቅጣጫው ያፏጫል። ልብስ ሰፊዋ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላለች። ወጣት ናት፣ ቀሚሷ ላይ ክር ተጣብቋል። አጠገቧ ባለው ትሪ ላይ ጉጠቱ ተዘጋጅቷል። እጇን ጉንጯ አጠገብ ይዛለች፤ አልነካችውም።

እናቴ ያን እጅ ስታይ እግሯ ቀጥ አለ።

«ይቺውልሽ!» አለ ፕሮፌሰር፣ ፊቱ ጥርስ በጥርስ ሆኖ። «አክስቴ ማለት እሷ ናት።»

«እትዬ» አለች ሴትየዋ፣ ከንፈሯን ብዙ ሳታንቀሳቅስ። «እውነት ሦስተኛዋ ላይ ተወዎት?»

እናቴ አጠገቧ ሄዳ ጎንበስ አለች። «ነፋስ ሲነካሽ ይመጣል?»

«ይመጣል።»

«ፊትሽን ስትታጠቢስ?»

«ከታጠብኩ ቆየሁ። በጨርቅ ነው የማብሰው፣ እሱንም በግራ በኩል።»

እናቴ ወደ ልጇ ዞረች፤ ልጇ ነውና። አሁንም እየሳቀ ይጠብቃታል። እኔ አፌን ልከፍት ስል ቀደመችኝ።

«አልተወኝም» አለች። «አንድ ቀንም አልተወኝም። ዛሬ ጠዋትም ነበረ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። «አክስቴ?»

«እንዳይከፋህ ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ እሱንና እናቴን አፈራርቃ አየች። «እና እኔስ? ንቀልልኝና ልገላገል እንጂ! ሥራ አለብኝ፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እንኳ አልቻልኩም።»

«አልነቅልም» አለ።

«ለምን?»

«ምን እንደሆነ አላውቅም።»

«ካላወቅህ የመጀመሪያዋን በምን አውቀህ ነቀልካት?»

 «ትንሽ ጠብቂኝ፣ አስተማሪዬን ልጥራ» ብሎ ሄደ። ሴትየዋ ግን ተነሣች። እናቴ ክንዷን ያዘቻት፣ «እኅቴ፣ በፈጣሪ ጠብቂ» አለቻት። ሴትየዋ መንጭቃ አስለቀቀቻት። «እርስዎማ አክስቱ ነዎት፤ እኔ ማን አለኝ?» ብላ ወጣች። ማዶ፣ ከመንገዱ ባሻገር፣ «ጥርስ ያለ ቀጠሮ እንነቅላለን» የሚል ሰሌዳ ይታያል።

አስተማሪው ሲመጣ ፕሮፌሰር ባዶውን ወንበር አየና ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ወደ መንገድ ሮጠ። አስተማሪው እናቴን አስቀምጦ ጥቂት ነገር ጠየቃት። በቀጭኑ በተጠቀለለ ጥጥ ጉንጯን ዳሰስ ሲያደርጋት ከወንበሩ ዘለለች።

«የፊት ነርቭ ሕመም ነው» አለ። «ከጥርስ ጋር አይገናኝም። የራሱ ኪኒን አለው።»

«‹ንቀላት› ያልከው አንተ አልነበርክም እንዴ?» አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር። መቼም ዛሬ ያልተናገርኩ መቼ ልናገር ብዬ የአፌን ሁሉ ተናገርኩት፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፣ የኪኒኑን ማዘዣ ጻፈና ወደሚቀጥለው ወንበር ሄደ።

ፕሮፌሰር ላብ አጥምቆት ተመለሰ። መተላለፊያው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርን።

«ደረስክባት?» አለችው እናቴ።

«ደረስኩ። ከማዶው ክሊኒክ ጥጥ ነክሳ ስትወጣ ነው ያገኘኋት።»

መሬቱ ላይ፣ እግሯ ሥር ቁጭ አለ። አለቀሰ። ይህን ልጅ ሲያለቅስ ያየሁት በአባቱ ቀብር ነው፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። እናቴ ራሱን ዳበሰችው።

«አይዞህ የኔ ጌታ። የእኔዎቹ እንደሆኑ ያረጁ ናቸው፤ መውጣታቸው አልቀረም። በስብሰዋል ብለኸኝ የለ?»

ራሱን ነቀነቀ። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«አልበሰበሱም አክስቴ። ሦስቱንም አገላብጬ አይቻቸዋለሁ። ጤነኛ ነበሩ።»

የእናቴ እጅ ራሱ ላይ እንዳለ ቆመ።

«ታዲያ ይህን እያየህ የልብስ ሰፊዋንም ነቀልክ?» አልኩት።

«ልተወው ነበር» አለ። «ያን ቀን ከሦስተኛዋ በኋላ የመጣሁት ተሳስቻለሁ ልላት ነው። ተወኝ ስትለኝ ግን የተሳሳተው ዓይኔ ነው አልኩ።»