ባለቤት ያጣው ኬብል

ጥቁሩ ኬብል ጫፉ ተቆርጦ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ተንጠልጥሏል። ከዚያ ግቢውን አቋርጦ፣ በጓሮው አጥር ላይ አልፎ፣ ወደ ተዘጋው አናጢ ቤት አቅጣጫ ይሄዳል። የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ባልና ሚስቱ ቤቱን ሲገዙም እዚያው ነበር።

“ይሄ ነገር ይነሣልኝ” አለች ልብስ ሰፊዋ ሚስት። “ልብስ ባሰጣሁ ቁጥር እንደ እባብ ከአናቴ በላይ ያየኛል።”

ባሏ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። ሰፈሩ “ባለሙያው” ይለዋል፤ እሱም ስሙን ይወደዋል። መብራት መሥሪያ ቤት ሄደ። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሰውዬ ቀና ሳይል፣ “የኛ አይደለም፣ የስልክ ነው” አለው። ስልክ መሥሪያ ቤት ሄደ። “የኛማ ቀጭን ነው፤ ይሄ የመብራት ነው” አሉት።

“ታዲያ ከሰማይ ወረደ?”

“ጌታው፣ ካልነካዎት አይንኩት” ብለው መስኮቱን ዘጉ። የማይጠየቁበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ደመወዝ መብላት ጥበብ ከሆነ፣ የሁለቱም ቤት ሰዎች ሊቃውንት ነበሩ።

ባለሙያው እየጦፈ ተመለሰ። አጥሩን ዞሮ ኬብሉ የት እንደሚገባ ማየት ይችል ነበር። ግን ከአናጢው ጋር በመጋዝ ጩኸት ተጣልተው ደጅ ለደጅ አይረጋገጡም። አናጢው ታሞ ሥራ ቤቱን ከዘጋ በኋላ እንኳ፣ “ከዚያ ሰውዬ ደጅ እግሬ አይደርስም” ማለቱን አልተወም። ስለዚህ መሰላል ላይ ወጣና፣ ኤሌክትሪክ ሲነካ ትንሽ መብራት የሚያበራውን ካቻቢቴውን በተቆረጠው ጫፍ ላይ አስነካ። አልበራም።

“ሞቷል” አለ ከላይ ሆኖ። “ሬሳ ነው። ሬሳ ደግሞ አይናከስም።”

“እርግጠኛ ነህ?”

“አንቺ ሴትዮ፣ እኔ እኮ በዚህ ሥራ ነው ያረጀሁት።”

“ማርጀትህንማ አያለሁ። እርግጠኛ ነህ ወይ ነው ያልኩህ።”

“ከፈለግሽ ልብስ አስጪበት።”

ሲናገረው ቀልድ ነበር። ግን የድሮው የልብስ ገመድ በስብሶ ሲበጠስ፣ ቀልዱን ሥራ አደረገውና ኬብሉን ዝቅ አድርጎ ወጠረላት። ጎማው በፀሐይ ተሰነጣጥቆ መዳቡ እዚህም እዚያም ይታያል፤ ለሞተ ነገር ብሎ አልጠቀለለውም። እሷ መጀመሪያ በሁለት ጣቷ እየነካች ታሰጣ ነበር። ውሎ አድሮ ለመደችው። ሰው ለፈራው ነገር ጀርባውን የሚሰጠው፣ አዋቂ ነኝ ባይ “አይዞህ” ሲለው ነው።

አንድ ጠዋት ባለሙያው በተከፈተ ሬዲዮ ላይ እንዳጎነበሰ ከአጥሩ ማዶ መጋዝ ጮኸ። አናጢው ድኖ ተመልሷል።

“ደግሞ ጀመረን፣ ይሄ…” አለና ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። ኬብሉ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ሬዲዮውን ጥሎ ወደ ጓሮ ሮጠ።

ሚስቱ እርጥቡን አንሶላ በኬብሉ ላይ እንዳደረገች ቆማለች። አትጮህም። ትንቀጠቀጣለች፤ መልቀቅ አልቻለችም። በመጥረጊያው እንጨት እጇን መትቶ አላቀቃት።

ነፍሷ ተረፈች። ቀኝ እጇ ግን ተቃጠለ፤ ጣቶቿም እንደተጨበጡ ቀሩ። መርፌ የምትይዝበት እጅ ነው።

በማግስቱ የመብራቱም የስልኩም ሰዎች እየተጋፉ መጡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ፎቶ አነሡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ኬብሉን ቆርጠው ጠቅልለው ሄዱ። ባለሙያው ሲሰድባቸው ዋለ፤ ስድቡም ይገባቸዋል። አናጢው ብቻ በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ ቀስ ብሎ ተናገረ።

“የፊተኛው የቤትህ ባለቤት ከኔ ነበር መብራት የሚስበው። ማብሪያዬን ስከፍት ይነሣል፣ ስዘጋ ይሞታል። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር እኮ፣ ወንድሜ።”



ሚስቱ ከሕክምና ስትመለስ ባለሙያው አዲስ የናይለን ገመድ ወጥሮ ጠበቃት። የተጠቀለለ እጇን ደረቷ ላይ ይዛ ገመዱን አየችው።

“ፈትሸኸዋል?”

የቀለደች መስሎት ፊቷን አየ። አልቀለደችም። “ናይለን እኮ ነው” ማለቱን ተወው። ካቻቢቴውን ከኪሱ አውጥቶ ገመዱን ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ክንድ በክንድ ነካካው።

“አልበራም” አላት።

“ያኔም አልበራም” አለችና ወደ ቤት ገባች።

እርጥቡን ልብስ እሱ አሰጣው።