ትራያንን የሚሰልለው ስልክ

ትራያን በዕድሜው ሁለት ትልልቅ ነገሮች ሠርቷል፤ ቬቱሪያን አግብቷል፣ በፈረንጆቹ 1984 ደግሞ በሚሠራበት ፋብሪካ ምሳ ቤት ስለ አገሩ አምባገነን መሪ አንድ ቀልድ ተናግሯል። በመጀመሪያው ብዙም አይኮራም። በሁለተኛው ግን አርባ ዓመት ደረቱን ሲነፋ ኖሯል። «ከዚያች ቀን ጀምሮ የስለላ ፖሊስ ሲያዳምጠኝ ነበር» ይላል፣ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም።

ባለፈው መኸር ፋይሉን እንዲያሳዩት፣ የድሮውን የስለላ ፖሊስ ፋይሎች ለባለቤቶቻቸው ለሚያሳየው መዝገብ ቤት ጻፈ። መልሱ አንድ መስመር ነበር፤ በስምዎ የተከፈተ ፋይል የለም። የታች ፎቁ ሚርቻ፣ የራሱን ሁለት መቶ ገጽ ፋይል እንደ ሠርግ አልበም ለእንግዳ የሚያሳየው ሰውዬ፣ ይህን ሲሰማ «አይዞህ ትራያን፣ መንግሥትም እኮ ሰው ይመርጣል» ብሎ አጽናናው። ማጽናናቱ ነው እንግዲህ። ትራያን ከዚያ ወዲህ ደረጃውን የሚወርደው አንገቱን ደፍቶ ሆነ።

ታዲያ አንድ ማለዳ ስልኩን ወደ ጆሮው ሲያስጠጋ፣ ማንም ሳይደውል፣ ሽሽሽ የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማ። ቻርጅ ላይ ያደረው ባትሪም ቁርስ ሳይደርስ ግማሽ ሆኗል። ሌላው ቢሆን ይናደድ ነበር፤ የእሱ ፊት ግን በራ።

«ቬቱሪያ! ነይ ስሚ! እየሰሙኝ ነው!»

«ደግሞ አንተን ማን ይሰማል?» አለች ድንች እየላጠች።

«እነሱ ናቸዋ! ባትሪዬን ማን የበላው መሰለሽ?»

ድሮ ሰው ሰላይ እንዳይሰማው እንደሚያደርገው፣ ትራስ አምጥቶ ስልኩ ላይ ጫነበት። አምስት ደቂቃ እንኳ አልቆየም፤ ትራሱን አነሳና ቀልዱን ለስልኩ ደገመለት፣ የሚጽፈው ሰው እንዳይቸገር ቀስ እያለ።

ከዚያ ለሚርቻ የሚያሳየው ማስረጃ ፍለጋ ወደ ሞባይል ጥገና ቤት ተነሳ። ቬቱሪያ ያለወትሮዋ «ተወው፣ ይቅርብህ» አለችው። እምቢ ሲላት ተከተለችው።

ጠጋኟ ሎሬዳና ስልኩን ሁለቴ ነካ ነካ አደረገች። «አባባ፣ ይሄ ዝናብ ነው።»

«የምን ዝናብ?»

«ለእንቅልፍ የሚከፈት የዝናብ ድምፅ። ዝቅ አድርገውት ሳይዘጉት ቀርተዋል። ሽሽ የሚለውም ባትሪውን የሚጨርሰውም እሱ ነው።»

«የሚሰማኝ ሰው የለም ማለት ነው?»

«ማንም የለም አባባ፣ እንኳን ደስ አለዎት!»

ትራያን ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ ነሽ የከፈትሽው?»

«በእንቅልፍህም ስለ ፋይል ትለፈልፋለህ። ምን ላድርግ ታዲያ?»

በትራም ሲመለሱ ትንፍሽ አላለም። አንድ ፌርማታ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቬቱሪያ ስንት ዓመት የተመኘችው ዝምታ ቢመጣላት መታገሥ አቃታት።

«በል እንጂ፣ አንድ ነገር ተናገር።»

«ለማን? የሚሰማኝ የለ።»

«እኔስ ምንድን ነኝ? ያን ቀን ምሳ ቤቱ ውስጥ ማን ከጎንህ እንደተቀመጠ፣ ምን እንደበላህ፣ ማን እንደደነገጠ ልንገርህ? አርባ ዓመት በቃሌ ይዤዋለሁ። ፋይል ከፈለግህ እኔን ጠይቀኝ።»

ትራያን ጉሮሮውን ጠረገ። «ቀልዱንስ?»

«ቃል በቃል» አለች። «ያኔም አያስቅም ነበር።»